ጥዱ ካለቀ በኋላ

ጎልፍን ወደ ፓይንኸርስት ያስገቡት የመንደሩ እንግዶች ናቸው፤ ባለቤቱ አላሰበውም ነበር። በ1897 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ ሰሜን ካሮላይና ግዛት፣ ከተቆረቆረች ገና ሁለት ዓመት በሆናት በዚህች የእረፍት መንደር ያረፉ ጥቂት ሰዎች፣ ጫፉ ቆልመም ያለ ዱላ ይዘው ትንንሽ ነጭ ኳሶች እየመቱ የወተት ላሞች በተሰማሩበት መስክ መዞር ጀመሩ። ላሞቹ ደነበሩ፤ አቤቱታውም ለመንደሩ ባለቤት ለጄምስ ዎከር ተፍትስ ደረሰ። ተፍትስ ነጋዴ ነው። እንግዳን ከመከልከል ላምን ማራቅ እንደሚያዋጣ ለመረዳት ብዙ ጊዜ አልፈጀበትም። በዓመቱ ጨዋታውን የሚያውቅ ሊሮይ ከልቨር የሚባል ሐኪም ዘጠኝ ጉድጓድ ያለው ሜዳ ቀየሰለት።

ዛሬ ፓይንኸርስት የጎልፍ ተጓዦች እንደ ደብር የሚሳለሙት ቦታ ነው። «ቁጥር 2» የተባለው ሜዳው የአሜሪካ ኦፕን የተባለውን ታላቅ የጎልፍ ውድድር አራት ጊዜ አስተናግዷል፤ በ1999፣ በ2005፣ በ2014 እና በ2024። የዱላ ቦርሳውን ተሸክሞ የሚመጣ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ጥዱን ነው፦ ሽቅብ የወጣ፣ ቀጥ ያለ፣ ከሥሩ ቡናማ መርፌ ቅጠል የተነጠፈበት ደን። ከዚያ በኋላ ፈተናው ከዛፎቹ የሚመጣ ቢመስለው አይፈረድበትም። የሜዳው ክፋት ግን ያለው ከአሸዋው ላይ ነው። ደኑም ቢሆን እንደሚመስለው ከጥንት ጀምሮ የቆመ አይደለም፤ በ1890ዎቹ መጀመሪያ እዚህ ኮረብታ ላይ የወጣ ሰው ዓይኑ የሚያርፈው ጉቶ ላይ ነበር።

ረጅም ቅጠል ያለው የደቡብ ጥድ በአንድ ወቅት ከቨርጂኒያ እስከ ቴክሳስ ወደ 36 ሚሊዮን ሄክታር የሚጠጋ መሬት ይሸፍን ነበር። መርፌ ቅጠሉ እስከ 40 ሴንቲሜትር ይረዝማል፣ ግንዱም ሙጫ የጠገበ ነው። መዘዝ የሆነበት ይኸው ሙጫ ነው። ዘመኑ የሸራ መርከብ ዘመን ነበርና የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ገመዱን የሚቀባው፣ በሳንቃና በሳንቃ መካከል ያለውን ስንጥቅ የሚደፍነው ከጥድ በሚወጣ ቅጥራን ነበር። ሰሜን ካሮላይና ቅጥራንና ተርፔንታይን በማምረት ስሟ ገነነ፤ የግዛቲቱ ሰዎችም «ቅጥራን ተረከዝ» የሚል ቅጽል ወጣላቸው፣ እስከ ዛሬም ይኮሩበታል። አሠራሩ ጨካኝ ነበር። ከግንዱ ሥር ጎድጓዳ ሳጥን ይፈለፈላል፤ ከበላዩ ቅርፊቱ እየተላጠ ሙጫው ወደ ሳጥኑ ይንቆረቆራል፤ ዛፉ ጥቂት ዓመት እንዲህ ከታለበ በኋላ ይደክምና ነፋስ ወይም እሳት ይጥለዋል። ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በፊት ይህን ሥራ በአብዛኛው የሚሠሩት በባርነት የተያዙ ጥቁሮች ነበሩ። የቅጥራን ነጋዴው ሲጨርስ ሐዲድ መጣ፣ ከሐዲዱ ጋርም መጋዝ። የተረፈ ቡቃያ ቢኖር ያለ እረኛ የተለቀቀው አሳማ ሥሩን እየማሰ በላው።

ተፍትስ በ1895 የገዛው ይህን የተራቆተ መሬት ነው። ስፋቱ ከ5,000 ኤከር በላይ፣ ዋጋው በኤከር 1 ዶላር ገደማ። ለአካባቢው ሰው ያም ውድ ነበር። ባሕር በጥንት ዘመን ትቶት በሄደ ደረቅ አሸዋ ላይ፣ ጥዱ ካለቀ በኋላ፣ ምን ሊበቅልበት ነው? ሰውየው የመጣው ከቦስተን አካባቢ ነው። ገና በ16 ዓመቱ መድኃኒት ቤት ተቀጠረ፤ ኋላ የሶዳ ውኃ መቅጃ ማሽን እየሠራ በመሸጥ በለጸገ። በአእምሮው የነበረው የጤና መንደር ነበር፦ መጠነኛ ገቢ ያላቸው፣ በተለይም የሳንባ ነቀርሳ የጀመራቸው የሰሜን ሰዎች የቦስተንን ብርድ ሸሽተው በጥድ አየር የሚያገግሙበት። ጥድ በሌለበት የጥድ አየር መሸጥ ድፍረት ይጠይቃል፤ ተፍትስ ድፍረቱም ገንዘቡም ነበረው።

ንድፉን ያወጣለት የኒው ዮርክን ሴንትራል ፓርክ የቀየሰው የፍሬድሪክ ሎ ኦልምስተድ ቢሮ ነው። ጎዳናዎቹ ጠመዝማዛ ሆነው ተቀየሱ፤ በመካከላቸው ሞላላ መስክ ተተወ። የተክሉን ሥራ የያዘው ዋረን ማኒንግ ከ200,000 በላይ ችግኝና ቁጥቋጦ እንዲተከል አቀደ፤ ከፊሉ ባሕር ተሻግሮ ከፈረንሳይ የመጣ ነው። ሆሊ ኢን የተባለው የመጀመሪያው ሆቴል በ1895 የመጨረሻ ቀን በሩን ከፈተ። መሬቱ ከተገዛ ወራት እንጂ ዓመት አልሞላም።

ብዙ ሳይቆይ ሐሳቡ ተናጋ። ሐኪሞች የሳንባ ነቀርሳ ከሰው ወደ ሰው እንደሚተላለፍ አጥብቀው ማስጠንቀቅ ሲጀምሩ ጤነኛው እንግዳ ፈራ፤ ተፍትስም ለሕሙማን ያሰበውን መንደር በሕሙማን ላይ ዘጋ። ይህ ደስ የሚል ምዕራፍ አይደለም፣ ግን ያለ እሱ ቀጣዩ አይገባም። ሆቴሉ ተሠርቷል፣ አልጋው ተነጥፏል፣ ወጥ ቤቱ ይሠራል። ታማሚ ከወንበሩ ላይ ፀሐይ እየሞቀ ይውላል። ጤነኛ ሰው ግን ከቁርስ እስከ እራት የሚያደርገው ነገር ይፈልጋል። ጎልፍ የገባው በዚህ ክፍተት ነው።

የጎልፍ ጉዞ የሚባለው ነገር በዚያ ዘመን የባቡር ጉዳይ ነበር። ከኒው ዮርክና ከቦስተን የሚነሳ ሰው በብርድ ወራት ባቡር ተሳፍሮ ያድራል፤ በማግስቱ ሳውዘርን ፓይንስ ጣቢያ ላይ ይወርዳል፤ ከዚያ ተፍትስ ባዘረጋው የኤሌክትሪክ ሐዲድ ጥቂት ኪሎ ሜትር ተጉዞ መንደሩ ይገባል። የመጣ ሰው ቶሎ አይመለስም፤ ሳምንታት ይቀመጣል። ፍሎሪዳ ለመድረስ ገና ብዙ መንገድ ይቀራልና ፓይንኸርስት መካከል ላይ መሆኗ ጠቀማት። በ1901 መጀመሪያ ትልቁ ካሮላይና ሆቴል ተከፈተ። ከጎልፉ ጎን ለጎን ፈረስ ነበር፣ ዒላማ ተኩስም ነበር፤ በጥይት ችሎታዋ ዓለም ያወቃት አኒ ኦክሊ ከ1915 ጀምሮ የብርድ ወራትን እዚህ እያሳለፈች ሴቶችን ተኩስ ታስተምር ነበር።

በመጋቢት 1900 የእንግሊዙ ሃሪ ቫርደን፣ በዘመኑ አቻ ያልነበረው ተጫዋች፣ አሜሪካን ሲዞር ፓይንኸርስትም ደርሶ ተጫወተ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ደግሞ ዶናልድ ሮስ መጣ። ቫርደን አልፎ ሄደ። ሮስ ቀረ።

ሮስ በ1872 በሰሜን ስኮትላንድ፣ ዶርኖክ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ተወለደ። አናጢነት ተማረ፣ በሴንት አንድሩስ በታዋቂው ኦልድ ቶም ሞሪስ እጅ ሠራ፣ ተመልሶ የዶርኖክን ሜዳ ጠበቀ። በ1899 ወደ ቦስተን አካባቢ ተሻግሮ በአንድ ክለብ ተቀጠረ፤ ከተፍትስ ጋር የተዋወቀው በዚያ ነው። ፓይንኸርስት ሲደርስ ያገኘው አፈር እንግዳ አልሆነበትም። ጎልፍ የተወለደው በስኮትላንድ ባሕር ዳርቻ፣ ለእርሻ በማይሆን አሸዋ ላይ ነው። አሸዋ ውኃ አይዝም፤ ኳስ ሲያርፍበት ይነጥራል፣ ይንከባለላል፣ ወዴት እንደሚሄድም ቀድሞ አይናገርም። ጨዋታው ወደ መሀል አገር ሲገባ ያጣው ይህን ነበር፦ ሸክላ አፈር ላይ ኳሱ እንደወደቀ ይቀራል። ተፍትስ በኤከር 1 ዶላር ገደማ የገዛው መናኛ መሬት ከባሕር ርቆ የባሕር ዳር አፈር የያዘ ነበር። ይህን ያየው ሮስ ነው፤ ገዢው ራሱ ስለ አፈሩ ያሰበው ነገር ቢኖር ቶሎ ስለሚደርቅ ለሳንባ ይስማማል የሚል ነው።

ቁጥር 2 በ1901 በጥቂት ጉድጓድ ተጀምሮ በ1907 በ18 ጉድጓድ ተሟላ። ተሟላ ማለት ግን አለቀ ማለት አልነበረም። ሮስ ለአርባ ዓመት ያህል ሲነካካው ኖረ። ሦስተኛው ግሪን (ጉድጓዱ ያለበት የተደለደለ ቦታ) አጠገብ ቤት ሠርቶ ዶርኖክ ብሎ ሰየመው፤ ከበረንዳው ላይ ሆኖ ሜዳውን ያያል፣ ያልተመቸውን ነገር ያስቀይራል። ስሙ የተጠራባቸው ሜዳዎች በመላ አሜሪካ ወደ 400 ይጠጋሉ። ይህም ቢሆን ከጉዞው ንግድ ጋር የተያያዘ ነው፤ በብርድ ወራት ፓይንኸርስት መጥቶ የተጫወተ ባለገንዘብ በበጋ በከተማው ክለብ ሲያቋቁም «ያን ስኮትላንዳዊ ጥሩልኝ» ይላል። መንደሩ የሮስ የሥራ ማሳያ ሆነ።

የሚገርመው፣ ሮስ ሜዳውን በሠራበት ዘመን ግሪኖቹ አረንጓዴ አልነበሩም። ጉድጓዱ ያለበት ቦታ በአራት ማዕዘን የተደለደለ፣ ከሥሩ ሸክላ ያለው ጠፍጣፋ አሸዋ ነበር፤ አንዱ ቡድን ካለፈ በኋላ ካዲው (የተጫዋቹን ቦርሳ የሚሸከመው ረዳት) የምንጣፍ ቁራጭ እየጎተተ ዱካውን ያጠፋል። በዚያ ሙቀትና በዚያ አፈር ዓመቱን ሙሉ የሚቆም ለስላሳ ሣር አልተገኘም ነበር። የሣር ግሪን የመጣው በ1930ዎቹ አጋማሽ ነው፤ በ1936 የባለሙያ ተጫዋቾች ሻምፒዮና በዚያ ላይ ተካሄደ። ዛሬ ዓለም የሚያውቃቸው ግሪኖች ከዚያ በኋላ የመጡ ናቸው። መሀላቸው ከፍ ብሎ በዙሪያቸው እንደ ተደፋ ገበቴ ይወርዳሉ። ይህ ቅርጽ ምን ያህሉ የሮስ እጅ ሥራ፣ ምን ያህሉ ደግሞ በየዓመቱ ለእንክብካቤ የሚበተነው አሸዋ ተደራርቦ ያነሳው እንደሆነ አዋቂዎች አሁንም ይከራከራሉ። ሁለቱም እጅ ያለበት ይመስላል።

ውጤቱ ግን አያከራክርም። ቁጥር 2 ላይ አንድ ሰው በአንድ ኳስ ጀምሮ በዚያው ኳስ ሊጨርስ ይችላል፤ ኳስ የሚውጥ ወንዝ የለም፣ ያለችው አንዲት ኩሬ ብዙ ሰው አትነካም፣ ዛፎቹም ከመንገዱ ራቅ ብለው ቆመዋል። ሰፊ ነው፤ ይጋብዛል። ችግሩ የሚመጣው ግሪኑ ላይ ነው። በሚገባ የተመታ የሚመስል ኳስ አርፎ፣ ትንሽ አስቦ፣ ከዚያ በጎን በኩል ይወርድና ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ይቆማል። ተጫዋቹ ያኔ የሚመርጠው ነገር ይበዛበታል፤ በአየር ያንሳው? በመሬት ያንከባልለው? ከተዳፋቱ ጋር ያጋጨው? በ1999 ኦፕን ጆን ዴሊ ስምንተኛው ጉድጓድ ላይ ወደ ላይ የገፋው ኳስ ተንከባልሎ ወደ እግሩ ሲመለስ ትዕግሥቱ አለቀና ገና እየተንከባለለ መታው። ከቅጣቱ ጋር በዚያ ጉድጓድ ላይ 11 ተመዘገበበት። በ2005 ደግሞ በሦስት ምት እየመራ ለመጨረሻው ቀን የደረሰው ሬቲፍ ጉሰን 81 መትቶ ወረደ፤ ዋንጫውን የኒው ዚላንዱ ማይክል ካምቤል ታይገር ዉድስን በሁለት ምት ቀድሞ ወሰደ።

ይህን ግሪን የሚያነቡት ካዲዎች ናቸው። ካዲዎቹ በብዛት ይኖሩ የነበሩት ከፓይንኸርስት አጠገብ ባለችው በቴይለርታውን፣ የመንደሩ ጥቁር ሠራተኞች በመሠረቷት ሰፈር ነው። በዘር መድሎ ሕግ ዘመን እነሱ ቦርሳ ተሸክመው በሚያቋርጡት ሜዳ ላይ መጫወት፣ በሆቴሉም እንግዳ ሆነው ማደር አይችሉም ነበር። ዊሊ ማክሬ በ1943 በ10 ዓመቱ ሥራ ጀመረ፤ የአሜሪካና የብሪታንያ ቡድኖች በ1951 በራይደር ዋንጫ እዚህ ሲገናኙም ቦርሳ ይዞ ነበር። በ2018 እስከሞተበት ድረስ ከሰባት አስርት ዓመታት በላይ ስለዚህ ሜዳ ያካበተው እውቀት በማንኛውም ካርታ ላይ አይገኝም። ስለ ፓይንኸርስት የሚጻፉ ታሪኮች ለረጅም ጊዜ ከባለቤቶቹና ከሻምፒዮኖቹ አልፈው አልሄዱም፤ ይህ ጉድለት መስተካከል የጀመረው ዘግይቶ ነው።

የተፍትስ ቤተሰብ መንደሩን ለሦስት ትውልድ ያዘ። ጄምስ በ1902 ሲሞት ልጁ ሌናርድ፣ ከሱም የልጅ ልጁ ሪቻርድ ተረከቡ። ሪቻርድ ገንዘብ ጨዋታውን ያበላሻል የሚል ሰው ነበር። ቤን ሆጋን በ1940 በግሉ የመጀመሪያውን የባለሙያ ድል ያገኘበት፣ «ኖርዝ ኤንድ ሳውዝ» የተባለው ዝነኛ ኦፕን ውድድር በ1951 በሽልማት ገንዘብ ጭቅጭቅ ሲታመስ ሪቻርድ ሽልማቱን ከማሳደግ ውድድሩን መዝጋት መረጠ። የአማተሮቹ ውድድር ግን ቀጠለ፤ በ1959 ጃክ ኒክላውስ፣ በ1985 ደግሞ ልጁ አሸንፈውበታል።

በ1970 ቤተሰቡ ዳይመንድሄድ ለተባለ የመሬት ልማት ኩባንያ ሸጠው። ዘመኑ ቴሌቪዥን ባለቀለም የሆነበት ነው፤ የጎልፍ ሜዳም ከጫፍ እስከ ጫፍ አረንጓዴ ካልሆነ የተጣለ መሰለ። አዲሶቹ ባለቤቶች ሮስ በፌርዌዩ (ከመነሻው እስከ ግሪኑ በተዘረጋው የሣር መንገድ) ዳርና ዳር የተወውን አሸዋና የዱር ሣር አጥፍተው ወፍራም ሣር አለበሱት፣ የውኃ ቧንቧ ዘረጉ፣ በጥዱ መካከልም ቤቶች ሠሩ። ሥራው ብዙ አልዘለቀም፤ በ1982 ባንኮች ተረከቡት፣ በ1984 የሮበርት ዴድማን ክለብኮርፕ ገዛው። አረንጓዴው ልብስ ግን አልወለቀም። ፔይን ስቱዋርት በ1999 በዝናብ ካፊያ 18ኛው ግሪን ላይ ከአራት ሜትር ተኩል ገደማ ኳሱን ከትቶ ፊል ሚክልሰንን በአንድ ምት ሲያሸንፍ፣ ተመልካቹ ያየው ፓይንኸርስት ሮስ የሚያውቀው ፓይንኸርስት አልነበረም። ስቱዋርት ከአራት ወር በኋላ በአውሮፕላን አደጋ ሞተ፤ እጁን ወደ ፊት ዘርግቶ አንድ እግሩን ወደ ኋላ ያነሳበት ሐውልቱ ግሪኑ አጠገብ ቆሟል።

ልብሱን ያወለቁት ቢል ኩርና ቤን ክሬንሾ ናቸው። ክሬንሾ ራሱ የማስተርስ ሻምፒዮን፣ ኩር ደግሞ በሰሜን ካሮላይና ያደገና በልጅነቱ እዚህ የተጫወተ ነው። በ2010 እና በ2011 ባደረጉት እድሳት በ1943 ከአየር የተነሱ ፎቶግራፎችን መመሪያ አደረጉ። የድሮው የውኃ ቧንቧም ረዳቸው፤ በየፌርዌዩ መሀል ለመሀል የተቀበረ ስለነበር ሮስ መንገዱን የት እንዳሰመረ ከመሬት ውስጥ ነገራቸው። ወደ 35 ኤከር የሚሆን ሣር ተገፎ ወጣ። ከ1,100 በላይ የነበረው የውኃ መርጫ ወደ 450 ገደማ ወረደ። በሣሩ ፋንታ አሸዋ፣ የወደቀ የጥድ ቅጠልና በእጅ የተተከለ የዱር ሣር ገባ። በ2014 የወንዶቹና የሴቶቹ ኦፕን ለመጀመሪያ ጊዜ በተከታታይ ሳምንታት በአንድ ሜዳ ሲካሄዱ ዳር ዳሩ ቡናማ ሆኖ የታየው ሜዳ ብዙ ሰው አናደደ፤ በኋላ ፕሬዚዳንት የሆነው ዶናልድ ትራምፕ መልኩን በትዊተር ካጣጣሉት አንዱ ነበር። ማርቲን ካይመር በስምንት ምት ልዩነት፣ ሚሼል ዊ ደግሞ ሳምንት ቆይታ አሸነፉ። የውኃ ሂሳቡ የቀነሰለት ባለቤት ግን ነቀፋውን በቀላሉ የቻለው ይመስላል።

ጥዱም የራሱን ታሪክ ቀጥሏል። ረጅም ቅጠሉ ጥድ ያለ እሳት አይተካም፤ ቡቃያው የመጀመሪያዎቹን ዓመታት እንደ ሣር ጉብታ መሬት ላይ ተቀምጦ ያሳልፋል፤ ሌላው ዛፍ እንዳይጋርደው በየጊዜው ዝቅ ብሎ የሚያልፍ እሳት ያስፈልገዋል። ሰው እሳቱን ባጠፋ ቁጥር ጥዱ ቦታውን ለሌሎች ይለቃል። ከጥዱ ጋር የተጎዳችው ቀይ ምልክት ያላት ግንደ ቆርቁር ወፍ ናት። ጎጆዋን የምትፈለፍለው በሕይወት ባለ ሽማግሌ ጥድ ላይ ብቻ ነው፤ ዙሪያውን ወግታ የምታፈሰው ሙጫ እባብን ያግድላታል። በ1970 ከመጥፋት አፋፍ ካሉት ዝርዝር ገባች። ባለመሬቶች ወፏ ከመጣች መሬቴን እንዳልነካ እከለከላለሁ ብለው ጥዱን አስቀድመው ይቆርጡ ስለነበር፣ መንግሥት በ1995 ያልተለመደ ውል አቀረበ፦ ጥዱን ለወፏ የተንከባከበ ሰው ተጨማሪ ወፍ ስለመጣለት ተጨማሪ ክልከላ አይጣልበትም። ውሉ የተጀመረው በዚሁ በአሸዋ ኮረብታዎች አካባቢ ሲሆን የፓይንኸርስት ሪዞርት ከመጀመሪያዎቹ ፈራሚዎች አንዱ ነው።

በሰኔ 2024 ኦፕኑ ሲመለስ የብራይሰን ደሻምቦ ኳስ በመጨረሻው ጉድጓድ ላይ መጀመሪያ ከዛፍ ሥር፣ ከዚያም ከጉድጓዱ 50 ሜትር ገደማ ርቆ ባለ ባንከር (አሸዋ በተሞላ ጎድጓዳ ቦታ) ውስጥ ገባ። ደሻምቦ ከአሸዋው አውጥቶ ከጉድጓዱ አጠገብ አሳረፈውና ሮሪ ማክልሮይን በአንድ ምት ቀደመ። ማክልሮይ ደግሞ በ16ኛውና በ18ኛው አጫጭር ምቶችን ስቶ ነበር። ቁጥር 2 በ2029 የወንዶቹንም የሴቶቹንም ኦፕን ዳግም ያስተናግዳል፤ ለ2035፣ ለ2041 እና ለ2047ም ቀን ተይዞለታል። እስከዚያው ሪዞርቱ ውስጥ አልጋ የያዘና ክፍያውን የሚችል ማንኛውም ተጓዥ ካዲ ይዞ ይወጣበታል። በዚያው በ2024 ደግሞ ቶም ዶክ የቀየሰው የሪዞርቱ አሥረኛ ሜዳ ተከፈተ፤ የተሠራውም ከመንደሩ በስተ ደቡብ፣ ቀድሞ አሸዋ እየተቆፈረ ይሸጥበት በነበረ ቦታ ላይ ነው።